«ሰባት ቤት ቁጠሩ» ያልኩ ዕለት

ይህ ነገር ያጋጠመኝ ካቻምና ነው። ኅዳር ላይ ጀምሮ ሰኔ ላይ አለቀ። ከዚያ ወዲህ ብዙ ነገር ረስቻለሁ፤ ይህን ግን ልርሳው ብልም አልቻልኩም። በሰው ላይ የወረወርኩት ድንጋይ ዞሮ እኔኑ ስለመታኝ ይመስለኛል። ከቤተሰብ ውጭ ለማንም በዝርዝር አውርቼው አላውቅም። ልጄና አማቼ ካነበቡት ይቅርታ ያድርጉልኝ።

አስቀድሜ ስለ ራሴ ልናገር። ስሜ ታደሰ ጉተማ ነው፤ የአዳማ ሰው ነኝ። ጡረታ እስክወጣ ድረስ በአንድ ፋብሪካ የጥበቃ ኃላፊ ነበርኩ። ሥራዬ ሠራተኛ ሲወጣ ቦርሳ ማስፈተሽ ነበር። ሃያ ዓመት የሰው ቦርሳ ሲያይ የኖረ ሰው ልቡም እንደዚያው ይሆናል። «ሰውን ማመን ቀብሮ ነው» የሚለውን ተረት ከልቤ የማምንበት ሰው ነኝ። ባለቤቴ በሕይወት ሳለች «አንተ እኮ ዳቦ ስትገዛ እንኳ ገልብጠህ ነው የምታየው» ትለኝ ነበር። እውነቷን ነው። ከሥሩ ያረረ ዳቦ ስንቴ ሊያሸክሙኝ ሞክረዋል።

እሷ ካረፈች በኋላ የቀረችኝ አንዲት ልጄ ሲፈን ናት። ነርስ ናት። ካቻምና ኅዳር ላይ «አባዬ፣ ሽማግሌ ሊመጣ ነው» አለችኝ። ልጁ ዳዊት ይባላል፤ ኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ የልብስ ስፌት ማሽን ይጠግናል። ልጁን አንድ ሁለት ጊዜ አይቼዋለሁ። ጨዋ ነው፤ ግን ጨዋ መምሰል ማንን ያቅተዋል?

ሽማግሎቹ እሑድ መጡ። የልጁ አባት አቶ ወርቁም አብረዋቸው ነበሩ። አቶ ወርቁ የዓለም ጤና ከተማ ሰው ናቸው፤ በመስኖ ሽንኩርት ያመርታሉ። ረጋ ያሉ፣ ፈገግታ የማይለያቸው ሰው ናቸው። ይኼ ራሱ አላማረኝም። ሴት ልጅ ሊለምን የመጣ ሰው ምን ያስቀዋል አልኩ በልቤ።

እንደምታውቁት ሽማግሌ ሲመጣ ዘር ይቆጠራል። እስከ ሰባት ቤት ድረስ ዝምድና ያለው አይጋባም። ብዙ ሰው ዛሬ ለወጉ ያህል ነው የሚያደርገው። እኔ ግን ለወግ አልነበረም የጠየቅኩት። ሰውየው ከየት እንደመጡ ማወቅ ፈልጌ ነው።

አቶ ወርቁ ጀመሩ። «ዳዊት ወርቁ፣ ወርቁ አበራ፣ አበራ ደስታ፣ ደስታ ወልዴ» ብለው ቆሙ።

«ከዚያስ?» አልኩ።

«ከዚያ ወዲያ አላውቅም፣ አቶ ታደሰ። ወልዴ የባቡር ሐዲድ ሲነጠፍ ለቀን ሥራ ነው የመጣው ይባላል። ከየት እንደመጣ የነገረን የለም።»

አራት ብቻ። እኔ አባቴ ከልጅነቴ ጀምሮ እያስቆጠረ ያሳደገኝ ሰው ነኝ። አንድ ስም ስስት ጆሮዬን ይቆነጥጠኝ ነበር። ስለዚህ ደረቴን ነፍቼ ከራሴ ጀምሬ አሥራ ሁለት ድረስ ቆጠርኩላቸው። ከሽማግሎቹ አንዱ ጆሯቸው ከበድ ስለሚል ደገምኩላቸው። ሊወጡ ሲሉ በር ላይ እንደገና ቆጠርኩት። ሦስተኛውን ማንም አልጠየቀኝም።

«ሰባት ቤት ቁጠሩ። ሲሞላ ተመለሱ» ብዬ ሸኘኋቸው።

ሲፈን የዚያን ቀን አላኮረፈችም። ዕቃ እያነሳች «አባዬ፣ የዳዊት አያቶች ሰባት እስኪሞሉ እኔ አርባ ይሞላኛል» ብቻ አለችኝ። ከዚያ በኋላ ግን በአንድ ቤት እየኖርን ለምግብ ካልሆነ በቀር አትጠራኝም ነበር።

ጥር ላይ ለጥምቀት ናቲ ከውጭ አገር መጣ። ናቲ የአጎቴ የሉሉ የልጅ ልጅ ነው። አጎቴ ሉሉና አባቴ ጉተማ የደገፋ ልጆች ናቸው። የናቲ አባት ድሮ ሲሄድ ፓስፖርቱ ላይ የመጨረሻው ስም ደገፋ ስለነበር እዚያው ቤተሰቡ ሁሉ «ደገፋ» ተብሎ ቀረ። ናቲም ናትናኤል ደገፋ ነው የሚባለው። እዚያ ተወልዶ ስላደገ አማርኛው ጥሩ ቢሆንም አንቱታ የለውም፤ ታላቁንም ታናሹንም አንተ ነው የሚለው።

ይህ ልጅ የዘር ጥናት ሱስ ይዞታል። ቤቴ ቁጭ ብሎ ላፕቶፑን ከፈተና ካርታ አሳየኝ። ፌስቡክ ላይ የመጨረሻ ስሙ ደገፋ የሆነውን ሰው ሁሉ ለቅሞ ከተማ ከተማው ላይ ቀይ ነጥብ አድርጓል። አዳማ ላይ ነጥብ፣ ሞጆ ላይ ነጥብ፣ መቂ፣ ባቱ። «ጋሼ፣ የእኛ ዘር በዚህ መንገድ ነው የተጓዘው» አለኝ ጣቱን በአስፋልቱ ላይ እያስኬደ።

ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝ። «ልጄ፣ ይኼ የዘር ካርታ አይደለም። አያታቸው ደገፋ የሚባሉ ሰዎች ካርታ ነው። እዚህ አገር ስም በየትውልዱ ይቀየራል። እኔ ወንድ ልጅ ቢኖረኝ ኖሮ ስሙ እከሌ ታደሰ ጉተማ ነበር የሚሆነው። ደገፋ ከእኔ ጋር ያልቃል» አልኩት።

ናቲ ትንሽ አፈረ። ከዚያ ቦርሳውን ከፍቶ ትንንሽ ካርቶኖች አወጣ። «ስም ይቀየራል፤ ይኼ ግን አይቀየርም» አለ። አባት ለወንድ ልጁ ብቻ የሚያስተላልፈው ዋይ የሚባል ነገር ደም ውስጥ አለ። ከአያት ወደ አባት፣ ከአባት ወደ ልጅ እንዳለ ይወርዳል። ጉንጭ ውስጥ በጥጥ ጠረግ ጠረግ ተደርጎ ይላካል። የሁለት ሰው ከተመሳሰለ በአባት በኩል አንድ ዘር ናቸው፤ የዓለም ሕዝብ ከተመረመረበት መዝገብ ጋር እያስተያዩ ደግሞ ዘራቸው ከየት ተነስቶ የት እንደደረሰ ይገምታሉ። ናቲ የራሱን አስመርምሮ ጨርሷል።

ይህን ስሰማ አንድ ሐሳብ መጣልኝ። ዛሬ ሳስበው የምሸማቀቅበት ሐሳብ ነው። የአቶ ወርቁን ጉንጭ ማስመርመር። ሰውየው የደበቁት ነገር ካለ አፋቸው ባይናገር ጉንጫቸው ይናገራል አልኩ።

ናቲ ወደ ላንጋኖ ሊሄድ መኪና ተከራይቶ ነበር። ዓለም ጤና መንገዱ ላይ ስለሆነች አብሬው ሄድኩ። አቶ ወርቁን ማሳቸው ውስጥ አገኘናቸው። «ልጁ ጥናት እያጠና ነው፣ የአካባቢውን ሰው ሁሉ ነው የሚወስደው» ብዬ ዋሸሁ። እንዳይጠራጠሩ ደግሞ «እኔም እሰጣለሁ» አልኩና መጀመሪያ የራሴን አፍ ከፍቼ አስጠረግሁ። ለማስመሰያ ያህል ነው።

አቶ ወርቁ ጥጡን አዩ፣ እኔን አዩኝ። «ደብተራ ጋ እንዳትወስዱት እንጂ» ብለው ሳቁና አፋቸውን ከፈቱ። በመሃል ስልክ ተደወለልኝና ራቅ ብዬ አወራሁ። ስመለስ ጥጦቻችን የገቡባቸው ሁለት ብልቃጦች ታሽገው ናቲ ቦርሳ ውስጥ ገብተው ነበር። አቶ ወርቁ መኪናችን ውስጥ አንድ ኩንታል ሽንኩርት አስጭነው ሸኙን። ጉቦ ነው አልኩ በልቤ። ሽንኩርቱን ግን በልቼዋለሁ።

ናቲ ከፋሲካ በኋላ ደወለ። ድምፁ ደስ አላለኝም።

«ጋሼ፣ የሰውየው ብዙ ነገር አይናገርም። ከእኛ አገር የተመረመረ ሰው ጥቂት ስለሆነ ዘሩ ከየት እንደሆነ መገመት አልተቻለም።»

«ታዲያ ምን ሆነሃል?»

«እኔና አንተ አንገናኝም።»

አልገባኝም። ደጋግሞ አስረዳኝ። አጎቴ ሉሉና አባቴ የአንድ አባት ልጆች ከሆኑ የናቲና የእኔ መመሳሰል ነበረበት። አይመሳሰልም። መቀራረብ እንኳ የለም።

ወዲያው ማሳው ላይ ሳለን የተደወለልኝን ስልክ አስታወስኩ። «አገኘሁት! ሰውየው ብልቃጡን ቀይሮታል! እኔ ስልክ ሳወራ ነው!» ብዬ ጮህኩ።

ናቲ ግን «ጋሼ፣ ብልቃጦቹ ተቀያይረው ቢሆን ኖሮ ከሁለቱ አንዱ ከእኔ ጋር ይገናኝ ነበር። ሁለቱም አይገናኙም» አለኝ። ቀጥሎም «አንተና ሰውየውም አትገናኙም» አለ።

እውነት ነው። ግን የእኔ ዓይነት ሰው ጥርጣሬ አያልቅበትም። ስልኩን እንደዘጋሁ የናቲን አያት፣ የአጎቴን ሚስት መጠርጠር ጀመርኩ። አፈሩ ይቅለላቸውና፣ በሞቱ በስንት ዓመታቸው ሉሉ ላይ ወስልተዋል ብዬ በልቤ ፈረድኩባቸው። በማግሥቱ ማስረጃ ልፈልግ ሞጆ ሄድኩ።

ሞጆ አክስቴ አዳዳ ብርቄ አለች። አዳዳ በኦሮምኛ የአባት እህት ማለት ነው። ዕድሜዋ ዘጠናን አልፏል፤ ዓይኗ ደክሟል እንጂ አእምሮዋ ደህና ነው። «አካም ጂርታ፣ ታዴ?» ብላ እንዴት እንደሆንኩ ጠይቃ ጉንጬን ሳመችኝ። ስለ ናቲ ምርመራ ነገርኳትና «የሉሉ ሚስት እንዴት ያለች ሴት ነበረች?» አልኳት።

አዳዳ ብርቄ ከምርኩዟ ላይ ቀና አለች። «የሞተች ሴት ስም አታንሳ። የእሷ ልጅ የሉሉ ልጅ ነው» አለችኝ ተቆጥታ።

«ታዲያ እኔና ናቲ ለምን አንገናኝም?»

የነጠላዋን ጫፍ ትቋጥር ትፈታ ጀመር። እኔ ሰው ሲዋሽ የሚሆነውን አውቃለሁ፤ አዳዳ ብርቄ ግን ልትዋሽ አልነበረም። የታሰረ ነገር ለመፍታት የምትታገል ነበር የምትመስለው።

«አባቴ ደገፋ በሬ አርዶ፣ ጎረቤቱን ሰብስቦ፣ የልጁን ጭንቅላት ቅቤ ቀብቶ ‹ይኼ የአብራኬ ክፋይ ነው› አለ። ‹አይደለም ያለ ቤቱ ይፍረስ› ተባለ። እኔም እዚያ ቆሜ አሜን ብያለሁ። ስለዚህ ምንም አልነግርህም» አለች። ከዚያ እጄን ያዘችና «ሉሉ ሲወለድ ጥርስ አልነበረውም። አባትህ ግን ሲመጣ ጥርስ ነበረው» አለችኝ።

አባቴ ጉዲፈቻ ነበር።

ጉዲፈቻን እኛ አገር የማያውቅ የለም። ልጁ አንዴ ከተቀባ በኋላ ልጅ ነው። የአባቱን ሐረግ ይቆጥራል፣ ይወርሳል፣ ይቀብራል። «አልወለዱህም» ብሎ የሚነግረው ሰው ነውረኛ ነው። እኔም ለሌላ ሰው ሲሆን እንደዚህ ብዬ እናገር ነበር።

«ከየት ነው የመጣው፣ አዳዳ?» አልኳት።

«ከሰው ነዋ» አለችኝ።

ከዚያ በላይ አንድ ቃል አልጨመረችም። ልወጣ ስል ግን «አንተ ብትናገር ያንተ ነው። እኔ አልተናገርኩም» አለችኝ።

ከሞጆ አዳማ እስክገባ ሚኒባስ ውስጥ ያለቀስኩት ለአባቴ ነበር። አባቴ ራሱ ያውቅ ይሆን? ጆሮዬን እየቆነጠጠ ያስቆጠረኝ አውቆ ነው ወይስ ሳያውቅ? አሁን ማንን ልጠይቅ? አዳማ ስደርስ ግን ለቅሶዬ ወደ ፍርሃት ተለወጠ። «ጉድጓድ ስትቆፍር አታርቀው፣ ማን እንደሚገባበት አታውቀው» ይባላል። እኔ አርቄ ነው የቆፈርኩት። የሰውን ልጅ አራት ብቻ ቆጠረ ብዬ መልሻለሁ። የእኔ ልጅ እኔንና አባቴን ከቆጠረች በኋላ ሦስተኛው ላይ የደም ሐረጓ ይቆማል። አቶ ወርቁ ይህን ቢሰሙ «እርስዎም ሰባት ሲሞላልዎት ይጥሩን» ቢሉኝ ምን እመልሳለሁ? ያኔ ሲፈን ባሏን ታጣለች፤ እኔ ደግሞ ልጄን አጣለሁ።

ሁለት ሳምንት አፌን ዘግቼ ተቀመጥኩ። በወጉ ካየነው መደበቁ ጥፋት አልነበረም፤ እንዲያውም ሕጉ ደብቅ ነው የሚለው። ግን ናቲ ሚስጥር ይጠብቃል ብዬ አላመንኩም። ፌስቡክ ላይ ቢለጥፈውስ? ከሠርጉ በኋላ ቢሰማስ? ለአቶ ወርቁ ልነግራቸው የወሰንኩት ደግ ሰው ስለሆንኩ አይደለም። ሌላ ሰው እንዳይቀድመኝ ነው።

ዓለም ጤና ስደርስ አቶ ወርቁ ሽንኩርት ከሚለቅሙ ሠራተኞች ጋር ነበሩ። ከማሳው ዳር ተቀምጠን ከጥጡ ጀምሬ ሁሉን ነገርኳቸው። ፈገግታ የማይለያቸው ሰው ያን ቀን ፈገግ አላሉም።

«ለሲፈን ነግረዋታል?» አሉኝ።

«አልነገርኳትም።»

«ቅድሚያ ለእሷ ነበር የሚገባው።» አንድ ሽንኩርት ከመሬት አንስተው አፈሩን አራገፉ። «ጥጡን ለምን እንደወሰዱትም ገብቶኝ ነበር፣ አቶ ታደሰ። ልጄ የሚወዳት ልጅ አባት ስለሆኑ ነው አፌን የከፈትኩት።»

አንገቴን ደፋሁ። «እናስብበታለን» ብለው ተነሱ። ሽንኩርትም አልሰጡኝም።

ማታውኑ ለሲፈን ነገርኳት። እኔ የፈራሁት ስለ አያቷ ታለቅሳለች ብዬ ነበር። እሷ ግን «የዳዊትን አባት አፍ በጥጥ ጠረግህ?» ብላ ጮኸች። ሌላው ነገር ሁሉ አልታያትም። ከዚያ ወዲህ ለምግብም አትጠራኝም ነበር፤ አቅርባልኝ ትሄዳለች።

ሦስት ሳምንት አለፈ። ከዓለም ጤና ድምፅ ጠፋ። በየቀኑ አንድ ጥርጣሬ እጨምር ነበር። ሌላ ሴት ፈልገዋል፣ ሽማግሎቹ ዘንድ ስሜን አንስተዋል፣ መላው ዓለም ጤና እየሳቀብኝ ነው። አንድም ቀን ግን «ደግ ነገር ያደርጉ ይሆናል» ብዬ አልጠረጠርኩም።

ሰኔ በገባ በመጀመሪያው እሑድ ሽማግሎቹ መጡ። አቶ ወርቁም ከመጨረሻው ወንበር ላይ ተቀመጡ፤ ፊታቸው አይነበብም። ትልቁ ሽማግሌ «ሰባት አልሞላልንም። ያለን አራት ነው፣ እሱን ይዘን ተመልሰናል» አሉ።

«አራቱ ይበቃሉ» አልኩ።

ነገሩ አለቀ ስል ጆሯቸው ከበድ የሚለው ሽማግሌ «መልካም። እንግዲህ ወግ ነውና የሴቲቱንም ወገን እንስማ። ባለፈው በደንብ አልሰማሁም ነበር» አሉ። ምንም አያውቁም፤ ክፋትም የላቸውም።

ተነሳሁ። «ሲፈን ታደሰ፣ ታደሰ ጉተማ» አልኩ። «ጉተማ ደገፋ» አልኩ። ከዚያ ምላሴ ታሰረ። እያንዳንዱን ስም እንደ ጸሎት አውቀዋለሁ፤ ግን አልወጣ አለኝ። የሰው ዕቃ በቦርሳው ይዞ በር ላይ የተያዘ ሰው የሚሆነውን ሆንኩ። ጓዳ በር ላይ የቆመችው ሲፈን እጇን አፏ ላይ አድርጋ ታየኛለች። ትልቁ ሽማግሌ ግራ ተጋብተው ዙሪያቸውን አዩ።

«ደገፋ ቶላ» አለ አንድ ድምፅ።

አቶ ወርቁ ናቸው። ከወንበራቸው ሳይነሱ፣ ጉልበታቸውን እያዩ፣ ሳይቸኩሉ ቀጠሉ። «ቶላ ዋሪ፣ ዋሪ በዳዳ፣ በዳዳ ሂርጳ፣ ሂርጳ ሮባ፣ ሮባ ጃርሶ፣ ጃርሶ ኦላና፣ ኦላና ዱጉማ፣ ዱጉማ ሊበን።» አንድ ስም አልዘለሉም፣ አንድ ስም አልሳቱም። ከዚያ ቀና ብለው ለሽማግሎቹ «የእሳቸው ሐረግ ይኼ ነው። የምናውቀው ይኼንን ነው» አሉ።

ትልቁ ሽማግሌ «ይባረክ» አሉ። ሁሉም ይባረክ አሉ። እኔ ብቻ አሜን ማለት አቅቶኝ ቆሜ ቀረሁ።

ሲወጡ እጃቸውን ይዤ ወደ አጥሩ ጥግ ወሰድኳቸው። «እንዴት ያዙት?» አልኳቸው።

«ባለፈው ሦስት ጊዜ ነገሩኝ እኮ» አሉና ፈገግ አሉ። «የቀረውን ሲፈንን ጠየቅኳት። ነገ የልጅ ልጅ ሲመጣ በእናቱ በኩል ይኼንን አይደል የሚቆጥረው? አንዳችን እንኳ በቃላችን መያዝ አለብን ብዬ ነው።»

ሠርጉ በተከታዩ ጥር ሆነ። ናቲ መጥቶ ነበር፤ «ጋሼ፣ የአባትህን ትክክለኛ ዘር ልፈልግልህ?» አለኝ። አልፈልግም አልኩት። መፈለግ ክፉ ነው ብዬ አይደለም፤ እኔ የፈለግኩበት መንገድ ክፉ ስለነበር ነው።

አሁንም ተጠራጣሪ ሰው ነኝ፤ ስድሳን ካለፉ በኋላ ጠባይ አይለወጥም። ግን አቶ ወርቁን ባየሁ ቁጥር አፍራለሁ፣ እወዳቸዋለሁም። ሲፈን አሁን ነፍሰ ጡር ናት። ወንድም ይሁን ሴት ልጇ መጀመሪያ የሚቆጥረው በአባቱ በኩል ነው። ዳዊት ወርቁ፣ ወርቁ አበራ፣ አበራ ደስታ፣ ደስታ ወልዴ። እኔም በቃሌ ይዣቸዋለሁ። አራት ናቸው፤ ለመያዝ አልከበዱኝም።